ሁሉም «ኦኬ» ያሉበት በረራ፦ አቪያንካ 52 እና እንግሊዝኛን የማዳመጥ ትምህርት

እንግሊዝኛ ማዳመጥን የምናስተምርበት መንገድ የታወቀ ነው። መምህሩ ከመምህሩ መምሪያ ላይ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል። ተማሪው ይሰማል። ከዚያ «እውነት ወይስ ሐሰት» ይመጣል። ባቡሩ ስንት ሰዓት ተነሳ? ልጅቷ ገበያ ሄዳ ምን ገዛች? ቃሉን የያዘ ማርኩን ያገኛል። ቃሉን ይዞ ነገሩን የሳተ ሰው ግን በዚህ ፈተና አይታወቅም። እንዲያውም ደፍኖ ሊወጣ ይችላል።

ይህን ክፍተት ለማሳየት ደጋግሜ የምመለስበት ጉዳይ ከትምህርት ቤት የመጣ አይደለም። ከኒውዮርክ ሰማይ ነው።

ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 25 ቀን 1990፣ የኮሎምቢያው አየር መንገድ አቪያንካ በረራ 52 ከቦጎታ ተነስቶ በሜዴሊን አድርጎ ወደ ኒውዮርኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ እየሄደ ነበር። አውሮፕላኑ ቦይንግ 707 ነው። 158 ሰዎች ተሳፍረውበታል። ምሽት 3፡34 ገደማ በእኛ አቆጣጠር፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ኮቭ ኔክ በምትባል መንደር ወደቀ። 73 ሰዎች ሞቱ፣ 85 ተረፉ። አውሮፕላኑ ሲከሰከስ እሳት አልተነሳም። የሚቀጣጠል ነዳጅ አልቀረውም ነበርና።

ነዳጁ ለምን አለቀ የሚለው ብዙም እንቆቅልሽ የለውም። በዚያ ምሽት የአየሩ ጠባይ ክፉ ነበር። ወደ ኬኔዲ የሚመጡ አውሮፕላኖች ተደራርበው ወረፋ ይጠብቁ ነበር። አቪያንካ 52 ሦስት ቦታ ላይ አየር ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተደረገ። መጀመሪያ ኖርፎክ አጠገብ፣ ቀጥሎ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ፣ በመጨረሻ ኬኔዲ ደጃፍ ላይ ማለት ይቻላል። ድምሩ 77 ደቂቃ።

እንቆቅልሹ ሌላ ነው። ረዳት አብራሪው ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናግሯል። ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ደጋግሞ። ከመሬት ሆነው አውሮፕላኖችን በሬዲዮ የሚመሩት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችም ሰምተውታል። መልስ ሰጥተውታል። ታዲያ እንዴት አውሮፕላኑን እንደማንኛውም መንገደኛ በተራው አስተናገዱት?

እዚህ ላይ ፕራግማቲክስ የሚባለው የቋንቋ ጥናት ዘርፍ ይገባል። ፕራግማቲክስ የሚጠይቀው ቃሉ ምን ማለት ነው የሚለውን ብቻ አይደለም። ይህ ሰው፣ እዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት ይህን በመናገሩ ምን እያደረገ ነው ብሎ ይጠይቃል። ቤት የመጣ እንግዳ «መሸ እኮ» ሲል ሰዓት እየነገረን አይደለም። ልነሳ ማለቱ ነው። የቋንቋ ፈላስፎቹ ኦስቲንና ሰርል መናገር በራሱ ድርጊት ነው ያሉት ለዚህ ነው። ሌላው ፈላስፋ ግራይስ ደግሞ በፈረንጆቹ 1975 በታተመ ጽሑፉ አድማጩ ላይ አተኮረ። አድማጭ፣ ተናጋሪው ለጉዳዩ የሚበቃውንና የሚገናኘውን ያህል ይናገራል ብሎ ያምናል። በዚያ እምነት ተነስቶ ያልተባለውን ይሞላል። ብዙ ጊዜ ይህ ይሠራል። አቪያንካ 52 ላይ ግን አድማጮቹ ያልተባለውን የሞሉት በተሳሳተ ነገር ነው።

ንግግሩን እንከተለው።

ምሽት 2፡44 ላይ አውሮፕላኑ በሦስተኛው መጠበቂያ እየዞረ ነው። ተቆጣጣሪው ገና ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሚቀራቸው ነገራቸው። ረዳት አብራሪው «ቅድሚያ የሚያስፈልገን ይመስለኛል» አለ። «ይመስለኛል» የምትለዋን ልብ በሉ። ተቆጣጣሪው ግን ጥሩ ነገር ጠየቀ። ምን ያህል መጠበቅ ትችላላችሁ? ተለዋጭ ማረፊያችሁስ የት ነው? ትንሽ ቆይቶ መልሱ መጣ። አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ እንችላለን፣ ከዚያ በላይ አይሆንልንም። ተለዋጭ ማረፊያችን ቦስተን ነው ብለን ነበር፣ ግን እዚያም የተጨናነቀ ይመስለኛል። ተቆጣጣሪው የማረፊያውን ስም እንደገና ጠየቀ። አሁን ዋናው ነገር ወጣ። ቦስተን ነበር፣ አሁን ግን አንችልም፣ ነዳጅ ያልቅብናል።

በዚህ ጊዜ አጠገቡ የተቀመጠው ሁለተኛ ተቆጣጣሪ ስልክ አንስቷል። ኬኔዲ ዙሪያ ያለውን አየር የሚመራውን ክፍል እያናገረ ነው። አቪያንካ 52 አምስት ደቂቃ ብቻ ነው መጠበቅ የሚችለው፣ ትቀበሉታላችሁ ወይስ ወደ ተለዋጭ ማረፊያው ልላከው? ተቀባዩ ክፍል ተቀበለ። የቦስተኑን ነገር ግን ደዋዩ አልሰማም። እሱ መደወል ሲጀምር ነው የተባለው። ስለዚህ ወደ ቀጣዮቹ ሰዎች ቁጥሩ ተላለፈ፣ የቁጥሩ ትርጉም ቀረ። «አምስት ደቂቃ» በተለዋጭ ማረፊያ ፊት ሲቀመጥ «ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወደ ቦስተን እንሄዳለን» ይመስላል። ያለ ተለዋጭ ማረፊያ ሲቀመጥ ሌላ ነገር ነው። የምርመራው ዘገባ እንደሚያሳየው በዚያች ሰዓት ቦስተን የሚያደርስ ነዳጅ አልነበራቸውም።

ሰውን የምንወቅስ ከሆነ እዚህ ላይ ከባድ ነው። ሁለቱም ሥራቸውን እየሠሩ ነበር። አንዱ ጠየቀ፣ አንዱ አቀበለ።

ከዚያ በኋላ ወደ ማረፊያው ተመሩ። ምሽት 3፡23 ላይ ለማረፍ ሞከሩ። ነፋሱ አስቸገራቸው፣ ከሚፈለገው በታች ዝቅ አሉ፣ ማኮብኮቢያው አልታያቸውም። ሳያርፉ ተመልሰው ከፍ አሉ። ካፒቴኑ በስፓኒሽ ለረዳቱ «አደጋ ላይ መሆናችንን ንገረው» አለ። ማማው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ደግሞ በዚያው ቅጽበት አዲስ አቅጣጫ ሰጥቷል። ረዳት አብራሪው በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም መለሰ። አቅጣጫው አንድ መቶ ሰማንያ፣ እንደገና እንሞክራለን፣ «ዊ አር ራኒንግ አውት ኦፍ ፊዩል»።

ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ።

ይህችን «ኦኬ» በክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ብትሰጧት አይበዛባትም። ለምንድን ነው «ኦኬ» ያለው? በአየር ትራፊክ ሥራ አብራሪ የተሰጠውን አቅጣጫ መልሶ ይናገራል፣ ተቆጣጣሪው ትክክል መሆኑን ያረጋግጣል። ስለዚህ የተቆጣጣሪው ጆሮ የሚጠብቀው «አንድ መቶ ሰማንያ»ን ነው። መጣለት፣ «ኦኬ» አለ። የነዳጁ ነገር የመጣው በዓረፍተ ነገሩ ጅራት ላይ፣ «እንደገና እንሞክራለን» ከሚል ተስፋ ያለው ንግግር ቀጥሎ፣ በተረጋጋ ድምፅ ነው። ረጅም በረራ ጨርሶ ኒውዮርክ የደረሰ አውሮፕላን ሁሉ ነዳጁ እያለቀ ነው። ከግራይስ አንጻር አድማጩ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም፦ ነገሩ የሞት ሽረት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እሱን ይለኝ ነበር።

ረዳት አብራሪው ደግሞ «ኦኬ»ዋን ለነዳጁ የተሰጠች መልስ አድርጎ ወሰዳት። ካፒቴኑ «ነገርከው?» ሲለው «አዎ ጌታዬ፣ ነግሬዋለሁ» አለ። ዋሸ ማለት አይቻልም። ካፒቴኑ ያዘዘው ግን «አደጋ ላይ ነን» ነው። በሬዲዮ የወጣው «ነዳጅ እያለቀብን ነው» ነው። ካፒቴኑ እንግሊዝኛው ውስን ስለነበረ ልዩነቱን በጆሮው ሊይዝ አልቻለም። በድምፅ መቅጃው ላይ «ምን አለ?» ሲል፣ ጮክ ብላችሁ ንገሩኝ፣ አልሰማም ሲል ይደመጣል። አንድ አድማጭ ሌላውን አድማጭ አምኖ ነው የሚሄደው።

ከማማው ወደ ሌላ ተቆጣጣሪ ተላለፉ። ለእሱም ነዳጁ ተነገረው፣ አሁንም ከፍታውን መልሶ ከመናገር ጋር ተያይዞ፣ መጨረሻ ላይ «ሰር» ተጨምሮበት። እሱም «ኦኬ» ብሎ አዲስ አቅጣጫ ሰጠ። ቆይቶ ይህ ሰው ስለ ነዳጁ አስታወሰ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ አሥራ አምስት ማይል ያህል ወስጄ ከዚያ ወደ ማረፊያው እመልሳችኋለሁ፣ ይህ ለእናንተና ለነዳጃችሁ ደህና ነው? አላቸው።

መልሱ፦ «አይ ጌስ ሶ፣ ታንክ ዩ ቬሪ መች»። ይመስለኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ እንደማለት ነው።

የእኛ አገር ተማሪ ይህን ሲሰማ የሚያደርገው ነገር ደስ ይለኛል። ማብራሪያ አያስፈልገውም። ይሉኝታ ምን እንደሆነ ያውቃላ። ሥራ የበዛበትን ባለሥልጣን አስቸግረህ፣ እሱም «ይህ ይስማማሃል?» ሲልህ፣ ባይስማማህም «አይ፣ ችግር የለውም» ብለህ አመስግነህ የወጣህበት ቀን ይኖርሃል። ጥያቄውም ቢሆን ቀና ነው፣ ግን የመልሱ መንገድ አስቀድሞ ተጠርጓል። እቅዱ ተነግሮ ካለቀ በኋላ «ደህና ነው?» የሚል ሰው የሚጠብቀው «አዎ»ን ነው። «አይደለም» ለማለት አንድ ሰው ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን እቅዱንም ማፍረስ አለበት።

ከዚያ ወዲያው በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ካፒቴኑ «ምን አለ?» ሲል የበረራ መሐንዲሱ የመለሰው ነገር ይገርማል። በስፓኒሽ «ሰውየው ተቆጥቷል» አለ። የኒውዮርክ ተቆጣጣሪ ፈጣንና ደረቅ አነጋገር ለኮሎምቢያዊው ጆሮ ቁጣ ሆኖ ደረሰ። በቃሎቹ ውስጥ ቁጣ የለም። እንዲያውም የሚያሳስብ ጥያቄ ነው የጠየቀው። ብዙ መምህራን ፕራግማቲክስን ሲያነሱ የሚዘልሉት ይህን ነው። ከንግግር ውስጥ የምንሰማው ትርጉም ብቻ አይደለም፣ ዝምድናም እንሰማለን፣ እሱንም እንስታለን። የተቆጣ ሰው ፊት ደግሞ ሰው ድምፁን ይቀንሳል።

ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ተቆጣጣሪው ከፍ በሉ ሲላቸው ረዳት አብራሪው «አይ ጌታዬ፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው» ብሎ ጀመረና እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ኦኬ፣ ሦስት ሺህ፣ ኦኬ» ብሎ ተስማማ። ተቆጣጣሪውም በማረፊያው ወረፋ ሁለተኛ መሆናቸውን ነገራቸውና እንደገና ተመልሳችሁ እንዳትወጡ በቂ ቦታ እየሰጠኋችሁ ነው አላቸው። ሊረዳቸው ነው ቦታ ያሰፋላቸው። ያሰፋው ቦታ ግን ነዳጅ ይበላል። ምሽት 3፡32 ላይ ሞተሮቹ መጥፋት ጀመሩ። ረዳት አብራሪው «ሁለት ሞተር አጥተናል፣ እባክዎ ቅድሚያ ያስፈልገናል» አለ። እዚያም ላይ «እባክዎ» የምትለዋ ቃል አልቀረችም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በፈረንጆቹ 1991 ባወጣው ዘገባ ዋናውን ምክንያት በአብራሪዎቹ ላይ አደረገ። ነዳጁን በአግባቡ አልተቆጣጠሩም፣ ነዳጁ ሳያልቅ በፊት የአደጋ ሁኔታ መሆኑን ለተቆጣጣሪዎች አላሳወቁም። አባባሽ ብሎ ካስቀመጣቸው መካከል ደግሞ አብራሪና ተቆጣጣሪ ስለ ዝቅተኛ ነዳጅ የሚነጋገሩበት ደረጃውን የጠበቀና ሁለቱም በአንድ የሚረዱት ቃል አለመኖሩ፣ እንዲሁም የአየር ትራፊክ ፍሰቱ በደንብ አለመመራቱ ይገኙበታል።

ከዚያ ወዲህ ይህ በረራ በየመጽሐፉ ተነስቷል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ባህል ነው። ኮሎምቢያውያን ለባለሥልጣን አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ረዳት አብራሪው ፈርቶ ነው ይባላል። ጭራሽ ውሸት ነው አልልም። ግን ይህ ማብራሪያ በጣም ይመቸናል። ጥፋቱን ሁሉ ተናጋሪው ላይ ከምረን አድማጩን ነፃ እናወጣዋለን። ንግግር የሁለት ሰው ሥራ ነው። ለእንግሊዝኛ መምህር ደግሞ ተናጋሪውን መውቀስ ምንም አይጠቅመውም። ተማሪው ነገ የሚያዳምጠውን ሰው ማረም አይችልምና። ማረም የሚችለው የራሱን አሰማም ነው።

በክፍል ውስጥ ስጠቀምበት መጨረሻውን አስቀድሜ አልናገርም። የበረራውን ስምም አልጠራም። ንግግሩን ራሴ አነበዋለሁ፣ ሆን ብዬ በተረጋጋ ድምፅ። ካሴትና ድምፅ ማጉያ በሌለበት ትምህርት ቤት ይህ ጥሩ ነገር አለው፣ ድምፁን መምህሩ ይቆጣጠራል። ተማሪዎቹ ሰሌዳውን በሁለት ይከፍሉታል። በግራ «ምን አለ?»፣ በቀኝ «ምን ፈለገ?» ብለው ይጽፋሉ። ግራው በፍጥነት ይሞላል። ቀኙ ላይ ክርክር ይነሳል። «አይ ጌስ ሶ» ላይ ስንደርስ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ተስማምቷል ይላል፣ ሌላው ተጨንቋል ይላል። ያኔ ማስረጃ እጠይቃለሁ። ከምን ተነስታችሁ? ከዚህ በፊት ከተባለው ነው? ካለበት ሁኔታ? ከተጠየቀበት መንገድ? «እንዲሁ መሰለኝ» አይበቃም።

ቀጥሎ ያው ዓረፍተ ነገር በሌላ ቦታ ይቀመጣል። «ዊ አር ራኒንግ አውት ኦፍ» የሚለውን ኩሽና ውስጥ ስለ ስኳር፣ ቢሮ ውስጥ ስለ ወረቀት፣ ክሊኒክ ውስጥ ስለ ደም አድርጋችሁ ስሙት። ቃሉ አልተነካም። አድማጩ ማድረግ ያለበት ግን በየቦታው ይለያያል። ስኳሩ ላይ አንድ ሰው ሱቅ ይሄዳል ወይም ዝም ይላል። ደሙ ላይ ዝም ማለት አይቻልም። ተማሪዎች ይህን በአማርኛ ሲሆን ሳያስቡት ያደርጉታል። እንግሊዝኛ ሲሆን ግን ጆሯቸው ሙሉ በሙሉ ቃል በመልቀም ይጠመድና ሌላው ችሎታቸው ደጅ ይቀራል። ሥራው አዲስ ችሎታ መፍጠር አይደለም፣ ያለውን ወደ ክፍሉ ማስገባት ነው። በእርግጥ ቃሉን ጨርሶ ላልሰማ ተማሪ ይህ ሁሉ ትርፍ ነው። መጀመሪያ መስማት አለበት። ፕራግማቲክስ የቃላትና የድምፅ ልምምድን ይተካል የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

የአቪዬሽኑ ዓለም በበኩሉ ሁለት መንገድ ሄዷል። በፈረንጆቹ 1996 ህንድ ውስጥ ቻርኪ ዳድሪ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጭተው 349 ሰዎች ካለቁ በኋላ የቋንቋው ጉዳይ ገፋ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2003 የእንግሊዝኛ ብቃት መስፈርት አጸደቀ። በ2008 ሥራ ላይ እንዲውል ተባለ፣ ላልደረሱ አገሮች እስከ 2011 ጊዜ ተሰጠ። በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠራ የእኛም አብራሪና ተቆጣጣሪ በዚሁ ሥር ያልፋል። መስፈርቱ ስድስት ነገር ይመዝናል፦ አነጋገር፣ ሰዋስው፣ የቃላት ክምችት፣ ቅልጥፍና፣ መረዳትና መስተጋብር። አራተኛ ደረጃ ለሥራ ዝቅተኛው ነው፣ ከስድስቱ ያነሰው ውጤት ደግሞ የሰውየው ውጤት ይሆናል። እኔን የሚማርከኝ መስተጋብር የሚለው ነው። አለመግባባት የመሰለ ነገር ሲፈጠር በመጠየቅ፣ በማረጋገጥና በማብራራት መያዝን ይጠይቃል። ይህ ከሞላ ጎደል ፕራግማቲክስ ነው፣ በመስፈርት ቋንቋ ተጽፎ።

ሁለተኛው መንገድ ቃሉን ማሰር ነበር። ከፈረንጆቹ 2012 ወዲህ በዓለም አቀፉ ደንብ «ሚኒመም ፊዩል» ማለትና ሦስት ጊዜ «ሜይዴይ» ብሎ «ፊዩል» ማለት እያንዳንዳቸው አንድ ቁርጥ ያለ ትርጉም አላቸው። የመጀመሪያው ተጨማሪ መዘግየት ከመጣ ነገሩ ወደ አደጋ ሊሄድ ይችላል ይላል። ሁለተኛው አደጋው ደርሷል ይላል። ግምት የለም፣ ይሉኝታም የለም። ለአብራሪ ጥሩ መፍትሔ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ሐኪም ፊት ለተቀመጠ ወይም በዱባይ ሆቴል ለሚሠራ ሰው ግን እንዲህ ያለ የታሰረ ቃል የለውም። ሐኪሙ «ሃው ዊ ዱይንግ?» ብሎ ሲገባ ሰላምታ ይሁን ጥያቄ ለይቶ መስማት የእሱ ፈንታ ነው።

የትምህርቱ የመጨረሻ ሥራ ሁልጊዜ አንድ ነው። በተቆጣጣሪው ቦታ ሆናችሁ «ኦኬ»ዋን በጥያቄ ተኩ። አብዛኛው ተማሪ «አር ዩ ዲክሌሪንግ አን ኢመርጀንሲ?» (አደጋ ላይ ነን እያላችሁ ነው?) የሚለውን ወይም ተመሳሳዩን ይጽፋል። ጥሩ ነው። አንዴ አንዲት ተማሪ ግን ተቃወመች። ይህ ሰውዬ ይሄንንም ቢሆን «አይ፣ ደህና ነን፣ አመሰግናለሁ» ቢልስ? አለች። ክፍሉ ሳቀ። ተቃውሞዋ ግን ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ይህም የአዎና የአይደለም ጥያቄ ነው።

ወደ ንግግሩ ተመለስን። በዚያ ምሽት ነገሩን ያንቀሳቀሰው ጥያቄ የትኛው ነበር? የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ጥያቄ። ምን ያህል መጠበቅ ትችላላችሁ? ቁጥር ጠየቀ፣ ቁጥር አገኘ፣ አውሮፕላኑ ወዲያው ከመጠበቂያው ወጣ። ማረፉ ከከሸፈ በኋላ ግን ስንት ደቂቃ የሚያበር ነዳጅ አላችሁ ብሎ የጠየቀ የለም። ተማሪዋ የራሷን ሰርዛ እንዲህ ጻፈች፦ «ሃው መኒ ሚኒትስ ኦፍ ፊዩል ዱ ዩ ሃቭ?»